እንዶዱ በስንት ቀን ይጠፋል?

ለማስተማር ልምምድ ሰሃላ የወረድነው አራት እጩ መምህራን ነበርን። ከአራታችን አንዷ የዚያው አገር ልጅ ስትሆን የቀረነው ሦስታችን የደጋ ልጆች በመሆናችን ሙቀቱን ለመልመድ ሳምንት ፈጅቶብናል። ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ሙቀቱ ለማማረር አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ስለጻፍናት አንዲት ዓረፍተ ነገርና እርሷን መልሶ ለማጥፋት ስለፈጀብን ጊዜ ነው።

ትምህርቱ ስለ ውሃ ንጽሕና ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «የዱቄት ሳሙና ውሃ ይበክላል፤ እንዶድ ግን የተፈጥሮ ስለሆነ ውሃ አይበክልም።» ልጆቹ ገለበጡ። ሃምሳ ሁለት ደብተር! በዚህም አላበቃንም። በትምህርት ቤቱ የንጽሕና ክበብ ስም ለሚመጣው ቅዳሜ የልብስ አጠባ ቀን ወሰንን። እንዶድ ቆላ ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከደጋ ገበያ አስመጣን። ቦታውም ላይኛው ኩሬ እንዲሆን ተስማማን፤ ቅርብ ነዋ።

የሰሃላን ወንዝ በበጋ ያላየ ሰው ይህ ላይኛውና ታችኛው የሚባለው ነገር ላይገባው ይችላል። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ትንንሽ ወንዞች ክረምት ላይ ሰው አያሻግሩም። በጋ ሲገባ ግን ይቆራረጣሉ፤ ጅረቱ ይቀርና እዚህም እዚያም ኩሬ ኩሬ ብቻ ይሆናል። ከላይኛው ኩሬ ሰው ይቀዳል፣ ፍየልና ከብት ይጠጣል። ከታችኛው ልብስ ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ማንም በጽሑፍ አላወጣውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ያላወቅን እኛ ነበርን። የአገሯ ልጅ የሆነችው ጓደኛችን እንኳ «እንዶድ ከሆነ ምን አለበት» ብላ አብራን ተስማምታ ነበር።

ማታ እራት ላይ ነገሩ ፈረሰ። ያረፍነው በጓደኛችን አያት ቤት ሲሆን ከቤቱ ልጆች አንዷ የእኛው ተማሪ ናት። ደብተሯን ይዛ የቀኑን ትምህርት ጮክ ብላ ስታነብ፣ ጥግ ይዘው የሚፈትሉት አያት እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሏት።

ልጅቱ በአገጯ ወደ እኛ ጠቆመች።

«ልጆቼ፣ አትቀየሙኝና» አሉን፤ «እንዶድ ያጠቡበት ኩሬ ላይ ዓሣ ሆዱን ሰቅሎ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ አፈሩን ያቅልላትና፣ እንዶድ የታጠበ ቀን እዚያ ከብት አታጠጡ ትለን ነበር። ቅዳሜ ከላይኛው ኩሬ ልታጥቡበት ነው የምሰማው?»

ከመካከላችን አንዱ እንደምንም ብሎ፣ «እስከ ስንት ቀን ነው እማማ፣ ከብት የማይጠጣው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! የተማራችሁት እናንተ» አሉና እንዝርታቸውን አሽከረከሩ።

የቅዳሜው ፕሮግራም ቀረ። እውነቱን ለመናገር ለልጆቹ ምክንያቱን አልነገርናቸውም፤ «ሳሙና አልደረሰም» ብለን አለፍነው። ዓረፍተ ነገሯ ግን በሃምሳ ሁለት ደብተር ውስጥ እንዳለች ልምምዱን ጨርሰን ተመለስን።

ተቋማችን ስንደርስ በመጀመሪያ ያደረግነው ስለ እንዶድ የተጻፈውን መፈለግ ነበር። አያት ያዩትን ነገር ሌላም ሰው አይቶታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ በቢልሃርዝያ ላይ ሲሠሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አስተዋሉ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 እዚያው ዓድዋ ላይ በእንዶድ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ ወዲያውም ደነገጥን። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ነው እኛ «ውሃ አይበክልም» ብለን ያስተማርነው። ዋናው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ልብሱን የሚያነጻውም አረፋ የሚያወጣውም እሱ ነው፤ የዓሣውን ስንጥብ የሚጎዳውም ያው እሱ ነው። አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ስም የሰጠነው እኛ ነን።

ስለዚህ ጥያቄው ይበክላል ወይስ አይበክልም የሚል መሆኑ ቀረና የአያት ጥያቄ ሆነ፦ እስከ ስንት ቀን?

አንድ ኦርጋኒክ ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋው በአስማት አይደለም። የሚበላው አለ። በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ካርቦኑን ምግብ ያደርጉታል፤ ሲበሉም እንደኛው ኦክሲጅን ይስባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ነገሩ መበላቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው ኦክሲጅኑ ሲቀንስ መከታተል ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አገኘን፣ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም። በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ያለው ሜቲሊን ብሉ የተባለው ቀለም ኦክሲጅን ባለበት ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ኦክሲጅኑ ተበልቶ ሲያልቅ ነጭ ይሆናል። ውድ መሣሪያ የለም፣ ጠርሙስ ብቻ!

ሦስት ጠርሙስ አዘጋጀን። አንዱ የወንዝ ውሃ ብቻ፣ ሁለተኛው የወንዝ ውሃና የደቀቀ እንዶድ፣ ሦስተኛው የወንዝ ውሃና የዱቄት ሳሙና። መጠኑ ለሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ። ለሦስቱም ቀለሙን ጠብ አድርገን፣ የአየር አረፋ እንዳይቀር አፋቸው ድረስ ሞልተን ከደንን። በብርሃን አልጌ ኦክሲጅን እንዳያመርትብን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥናቸው። በማግስቱ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን የእንዶዱ ጠርሙስ ነጭ ሆነ! የሳሙናው ግን ሰማያዊ እንደሆነ ሳምንቱን ጨረሰ።

እኛም ተጣደፍን። በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ ተነሥተን «ስንሳሳት ኖረናል፤ ውሃ የሚያበላሸው እንዶድ ነው፣ ሳሙናው ውሃውን ምንም አላደረገውም» ብለን አወጅን። ተጨበጨበልን። የኬሚስትሪ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ አላጨበጨቡም።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ሰማያዊው የጠፋው ውሃው ስለተበላሸ ነው፣ ወይስ እንዶዱ ስለተበላ?»

ዝም አልን። ለካ በግልባጩ ነበር ያነበብነው! ጠርሙሱ ነጭ የሆነው ባክቴሪያው ስለበላ ነው። መበላት ማለት ደግሞ መጥፋት ነው፤ እኛ የፈለግነውም እሱን ነበር።

«የሳሙናውስ? ባክቴሪያው ጠላው፣ ወይስ ሞተ?»

ይህንንም አልመለስን። መምህራችን ሁለት ጠርሙስ እንድንጨምር አዘዙን። በአንዱ ስኳር ብቻ፣ በሌላው ስኳርና ያንኑ ያህል ሳሙና። ስኳርን የማይበላ ባክቴሪያ እምብዛም የለም። የስኳሩ ጠርሙስ በሁለት ቀን ነጣ። ስኳርና ሳሙና ያለበት ግን እንደ ሰማያዊ ቀረ። በሌላ አነጋገር፣ ማንኪያ ሙሉ ሳሙና ጨምረን በላተኛውን ራሱን ሳንጎዳው አልቀረንም፤ የተጎዳ ሰው አልበላም ቢል ምግቡ መጥፎ ነው አይባልም። «አልቀረንም» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህራችን ሌላም ጉድ አወጡብን፦ ሜቲሊን ብሉ ከዱቄት ሳሙና ሞለኪውል ጋር ይጣመራል። እንዲያውም ኬሚስቶች ውሃ ውስጥ ሳሙና መኖሩን የሚለኩት በዚሁ መጣመር ነው። ስለዚህ ሳሙና ባለበት ጠርሙስ ውስጥ የቀለሙ ምስክርነት ከመጀመሪያውም አይታመንም ነበር። እነሆ በአንድ ሙከራ ሦስት ስሕተት።

ትልልቆቹ ቤተ ሙከራዎች ይህን ሁሉ ወጥመድ ስለሚያውቁ ሥርዓት አበጅተውለታል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥቶ በ1992 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ የሚፈተነው ነገር ለባክቴሪያው ብቸኛ ምግብ ሆኖ ይቀርባል። ባክቴሪያውም ጥቂት ነው፤ ጨለማ ውስጥ 28 ቀን ይቆያል። በኦክሲጅን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለካ 60 በመቶ ከደረሰ «በቀላሉ የሚበሰብስ» ይባላል። ያውም 10 በመቶ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ 60ውን መሙላት አለበት። ከጎኑ ባክቴሪያው ደኅና መሆኑን የሚያሳይ የታወቀ ምግብ ያለበት ጠርሙስ ይቀመጣል፤ የኛ ስኳር መሆኑ ነው። ሁለቱ የተቀላቀሉበትም እንዲሁ። መምህራችን ያሠሩን ይህንኑ ኖሯል፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ተነሥተው።

ለሥርዓቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱም አረፋ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ የሳሙና አረፋ እንደ ጥጥ ተቆልሎ ይታይ ነበር። ምክንያቱም በጊዜው የነበረው የዱቄት ሳሙና የካርቦን ሰንሰለቱ ቅርንጫፋም ስለነበረ ባክቴሪያው ሊቆርጠው አልቻለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ሰንሰለቱ ቀጥ ወዳለው ሳሙና ተሸጋገሩ፤ እሱን ባክቴሪያው አየር እስካገኘ ድረስ ይበላዋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የፋብሪካ ናቸው። አንዱ ይበላል፣ አንዱ አይበላም። በአንጻሩ የጽድ ምሰሶ የተፈጥሮ ነው፤ መሬት ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚቆም የአገራችን ሰው ያውቃል። «የተፈጥሮ ስለሆነ» ብለን ሰሌዳ ላይ የጻፍናት ቃል ምንም እንዳላስረዳች የገባን እዚህ ላይ ነው። የሚወስነው የሞለኪውሉ ቅርጽ፣ የሚበላው ባክቴሪያ መኖርና የአየሩ መጠን ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ በአረፋ አደረግነው። እንዶድም ሳሙናም ስለሚያረፉ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማየት ይቻላል ብለን ነው። መጠኑን ወደ ቁንጥር አወረድነው። የእያንዳንዱን ግማሽ በወንዝ ውሃ፣ ግማሹን አፍልተን ባቀዘቀዝነው ውሃ በጠበጥን። አየር እንዲገባ በነጠላ ጨርቅ ሸፈንናቸው፤ የፈላውን ግን ከድነን አስቀመጥነው። በየቀኑ ከየጠርሙሱ ጥቂት ወደ ሙከራ ቱቦ ቀድተን ሃያ ጊዜ ነቅንቀን የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ ለካን። ለመነቅነቁ አንድ ሰው ብቻ መደብን፤ የሁላችን ጉልበት እኩል አይደለም።

በወንዝ ውሃ ውስጥ ያለው የእንዶድ አረፋ በመጀመሪያው ቀን አራት ሴንቲ ሜትር ነበር። በሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ በስድስተኛው ቀን ምንም። በፈላው ውሃ ውስጥ ያለው ሳይቀንስ ቆየና እሰይ ስንል፣ በዘጠነኛው ቀን ጠፋ። ምን ነካው? ሁለት ቀን ተከራከርንበት። ውሃውን አፈላን እንጂ እንዶዱን አላፈላንም፤ ፍሬው ከዛፍ ወርዶ በሰው እጅ ደርቆ ተወቅጦ የመጣ ነው፤ ባክቴሪያውን ይዞ መጥቷል ማለት ነው። የሳሙናው አረፋ ደግሞ እስከ ስድስተኛው ቀን ንቅንቅ አላለም፤ ከዚያ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ በአሥራ አራተኛውም ቀን ጨርሶ አልጠፋም።

እዚህ ላይ እንዳንታበይ መምህራችን አንድ መስመር ጨመሩልን። አረፋ ጠፋ ማለት ሞለኪውሉ ተሰበረ ማለት እንጂ ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ ማለት አይደለም። ቁርጥራጩ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ግን አየር ባለበት ውሃ የእንዶድ ሳፖኒን ግማሹ በ16 ሰዓት ገደማ፣ ሁሉም በ10 ቀን ውስጥ መበላቱን አሳይቷል። የኛ ስድስት ቀን ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ በእርግጥ እነሱ ሳፖኒኑን በመሣሪያ ለክተው ነው፣ እኛ በማስመሪያ።

«አየር ባለበት» የሚለው ግን ሰሃላን አስታወሰን። በባሕር ጠለል ላይ ባለ ቦታ አንድ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንድ ግራም ስኳር ተበልቶ እንዲያልቅ 1.12 ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል። ይህን ስናሰላው፣ አንዲት ግራም ስኳር 125 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሁሉ ትጨርሳለች። ስድስት ጄሪካን መሆኑ ነው! የእንዶድ ፍሬም ሳፖኒን ብቻ አይደለም፤ ስኳርም ስታርችም አለው። ወራጅ ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ ሲጋጭ አየር ይሞላል፤ በጋ ላይ የቆመ የሞቀ ኩሬ ግን የተበደረውን ኦክሲጅን ቶሎ አይከፍልም። ቶሎ የሚበላ ነገር ቶሎ ያሳፍናል። በመጀመሪያው ቀን ሳፖኒኑ ዓሣውን ቢስተው በሁለተኛው ቀን የኦክሲጅን እጥረት ሊያገኘው ይችላል። የአያት እናት «እዚያ አታጠጡ» ያሉት ይህን ሳያሰሉ ነው፤ ወይም በሌላ ስሌት አስልተውት ነው።

ለሁለተኛው ዙር ልምምድ ሰሃላ ስንወርድ በመጀመሪያ የሄድነው ወደዚያው ክፍል ነው። አርባ ዘጠኝ ደብተር አገኘን፤ ሦስት ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። ዓረፍተ ነገሯን ራሳቸው በመስመር እንዲሰርዙ አደረግንና በሥሯ ጻፍን፦ «እንዶድም ሳሙናም የገቡበት ውሃ ቀን ይፈልጋል። ስንት ቀን እንደሆነ ተለክቶ እንጂ ተገምቶ አይታወቅም።» አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ያኔ ቅዳሜ የቀረው ለዚህ ነው እንዴ? ሳሙና አልደረሰም ብላችሁን አልነበር?» አለን። አዎን፣ ለዚህ ነው አልነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም።

ማታ ለአያት ነገርናቸው። የኛን ስድስት ቀን፣ የሌሎቹን አሥር ቀን፣ የኩሬውን መቆም፣ ሁሉንም ዘረዘርን። ፈትላቸውን ሳያቆሙ አዳመጡን።

«እንግዲያው ስድስቱ የጠርሙስ ነው» አሉ። «የኩሬውን አልለካችሁትም።»

አልለካነውም እማማ፣ አልን።

ከታችኛው ኩሬ አጠባ በሚደረግበት በሚቀጥለው ሳምንት ከኩሬው ውሃ በየቀኑ እየቀዱ አረፋውን የሚለኩ አምስት ተማሪዎች ተመርጠዋል። ማስመሪያና የሙከራ ቱቦ ትተንላቸው መጥተናል። ውጤቱን በደብዳቤ ይልኩልናል፤ ሲደርሰን እዚሁ እንለጥፈዋለን። የሳሙናዋ ጠርሙስ ደግሞ አሁንም በቤተ ሙከራችን በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አለች፤ ደብተሯም ከጎኗ ነው። ያለፋችሁ ሁሉ ለወጉ እየነቀነቃችኋት እንደሆነ ደርሰንበታል። ነቅንቁ፤ ግን ሃያ ጊዜ፣ በቱቦ ቀድታችሁ፣ ቁመቱንና ቀኑንም ጻፉልን።